ማንም ያልቀዳበት ጉድጓድ

«ጢጥ» አለ ወደ ጉድጓዱ የወረደው የውኃ መለኪያ ሜትር።

ድንቡሼ ጥብጣቡን በጣቷ ቆንጥጣ ይዛ ቁጥሩን አነበበች። ማመን አቃታትና ትንሽ ወደ ላይ ስባ እንደገና ለቀቀችው። የጥብጣቡ ጫፍ ውኃውን ሲነካ እዚያው ቁጥር ላይ ጮኸ።

«ስንት ነው?» አለች ፊሽካ ከጎኗ ቁጢጥ ብላ።

«ወርዷል። ሦስት ጣት ያህል።»

ፊሽካ ዝም አለች። ፊሽካ ዝም ካለች ደግሞ ነገሩ የጤና አይደለም። ስሙ የወጣላት ሳቋ ከክፍል ተነስቶ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ስለሚሰማ ነው። የድንቡሼ ስም እንኳ ጊዜው አልፎበታል፤ ሕፃን ሳለች ወጣላት፣ አሁን እንደ መቃ ቀጥናም የሚተውላት ጠፋ።

ሁለቱ ጓደኛሞች ከጠዋት ጀምሮ በፊሽካ ቤት ጓሮ፣ በውኃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጎልተዋል። ከአጥሩ ማዶ የፊሽካ አባት ጋራዥ ነው። ጋራዡ ውስጥ የተቃጠለ ዘይት የሚጠራቀምበት የተቀበረ በርሜል አለ፤ ሳያዩት ዝጎ ማፍሰስ ጀምሯል። የድንቡሼ አጎት የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ ነው። እሱ በጋራዡ ግቢ ቀጭን የመከታተያ ጉድጓድ አስቆፍሮ ውኃውን ላቦራቶሪ ላከው፤ ዘይት ተገኘበት። አሁን የቀረው ጥያቄ አንድ ነው። ያ ውኃ ሰፈሩ ከዚህ ጉድጓድ ቀድቶ ከሚጠጣው ውኃ ጋር ይገናኛል ወይስ አይገናኝም?

ይህን ለማወቅ ዛሬ አጎቷ ከጋራዡ ጉድጓድ በሞተር ያለማቋረጥ ይስባል፤ ድንቡሼ እዚህ ትለካለች። እዚያ ሲሳብ እዚህ ከጎደለ ሁለቱ ከሥር አንድ ናቸው ማለት ነው። አንድ ካልሆኑ ጋራዡ እየሠራ ቀስ ብሎ ያጸዳል። አንድ ከሆኑ ግን በርሜሉ ወጥቶ አፈሩ እስኪጠረግ ድረስ ይዘጋል። መቼ እንደሚከፈት ደግሞ ማንም አያውቅም። የፊሽካ ቤት የሚተዳደረው በጋራዡ ብቻ ነው።

አጎቷ ጠዋት አንድ ነገር አደራ ብሏቸው ነበር። «ሞተሩ እስኪጠፋ ከዚህ ጉድጓድ ማንም እንዳይቀዳ። ከተቀዳ ውኃው በማን እንደጎደለ እኔም አላውቅ፣ እሱም አይነግረኝ።»

«እ… ረስቼው» አለች ፊሽካ ድንገት። «እማዬ ቅድም ቀድታለች። አንቺ ሽንት ቤት ስትሄጂ። ሁለት ባልዲ።»

ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች። ውሸት ደግሞ አታውቅበትም፣ ጆሮዋ ፍም መሰለ። ድንቡሼ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለውን መቅጃ ባልዲ አየችው። ገመዱ እንደ ጠዋቱ ተጠቅልሎ ደርቋል።

«ፊሽካ፣ ገመዱ ደረቅ እኮ ነው።»

«በናትሽ፣ ድንቡሼ። ለአጎትሽ ተቀድቷል ብቻ በይው። ሙከራው ይበላሽና ሌላ ቀን ይደግሙታል። እስከዚያ አባዬ አንድ ነገር ያደርጋል። ቁጥር ቀይሪ አላልኩሽም፣ ምን አለበት?»

ድንቡሼ ምን ይዋጣት። የፊሽካ አባት የብስክሌቷን ፍሬን ስንት ጊዜ በነፃ ሠርተውላታል። በሠሩላት ቁጥር «ይሄ ፍሬን እንኳን ብስክሌት የአንቺንም ምላስ ያቆማል» እያሉ ያስቋታል። ዛሬ ጠዋትም በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «እናንተ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁበት ውኃው እንዴት ረግቶ ይለካል?» ብለዋቸዋል። ሳቃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ድንቡሼ እኚህን ሰው እንደ አባቷ ትወዳቸዋለች። በእሷ አፍ ጋራዣቸው ሲዘጋ ማየት አንጀቷን በላው። ደግሞስ ሌላ ቀን ቢለካ ምን ይሆናል? ውኃው የትም አይሄድ።

ይህን ስታስብ ማሙሽ፣ የፊሽካ ትንሽ ወንድም፣ የእህቱን ሰፊ ነጠላ ጫማ እየጎተተ ከቤት ወጣ። ኩባያ ይዟል። ማድ ቤቱ በር ላይ ትናንት ከጉድጓዱ ተቀድቶ የተቀመጠ ባልዲ ነበር፤ ክዳኑን ገፋ አድርጎ ጨለፈና ኩባያውን ወደ አፉ አስጠጋ።

ፊሽካ ከመቼው ተነስታ ከመቼው እንደደረሰች አይታወቅም። ኩባያውን ከከንፈሩ ላይ መነጨቀችው። ውኃው ደረቱ ላይ ተደፋ፤ ማሙሽም ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ።

ፊሽካ ባዶውን ኩባያ ይዛ ቆመች። ትናንት ራሷ አጠጥታዋለች። ከትናንት ወዲያም። ፊቷ ልውጥውጥ አለ። ወንድሟን ብድግ አድርጋ አቀፈችውና በእጅጌዋ አፍንጫውን ጠረገችለት። «ዝም በል የኔ ጌታ። ሱቅ ሄጄ የታሸገ ውኃ አመጣልሃለሁ።»

በዚህ መሃል የድንቡሼ ስልክ ጠራ።

«ድንቡሼ፣ ስንት ደረሰ?» አለ አጎቷ። ከጀርባው ሞተሩ ይጮሃል።

«አስራ አንድ ሜትር ከሃያ አምስት።»

«ወርዷላ» አለ። እሱም ቢሆን ከፊሽካ አባት ጋር የአንድ ሰፈር ልጅ ነው። «ሰው ቀድቶበት ይሆን እንዴ?»

ድንቡሼ ቀና ብላ ጓደኛዋን አየቻት። ፊሽካ ተናገሪም አትናገሪም አላለቻትም። ማሙሽን አቅፋ የባልዲውን ውኃ በእግሯ ገፍታ እየደፋች ነበር።

«ማንም አልቀዳም፣ አጎቴ» አለች።

«እሺ የኔ ልጅ። ቀጥሉ።»

ፊሽካ መጥታ ማሙሽን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ተቀየምሽኝ?» አለች ድንቡሼ።

«በጣም» አለች ፊሽካ። ትከሻዋን ግን ከድንቡሼ ትከሻ አላራቀችም። «ለአባዬ እኔ ነኝ የምነግረው። ከአጎትሽ በፊት።»

«አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«አንቺ ታለቅሺብኛለሽ።»

«አለቅሳለሁ፣ ምን ታመጫለሽ?»

ፊሽካ ሳቋ አመለጣት። እንደ ድሮው ዳይሬክተር ቢሮ የሚደርስ አይደለም፣ ግን ሳቅ ነው። ማሙሽም ምኑም ሳይገባው አብሯት ሳቀ።

ለመለካት ሰዓቱ ሲደርስ ፊሽካ እጇን ዘረጋች። ድንቡሼ ሜትሩን ሰጠቻት። ፊሽካ ጥብጣቡን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው፣ ሲጮህ ያዘችው፣ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበች። ከዚያ የድንቡሼን ስልክ ራሷ አነሳችና ቁጥሩን ልትነግረው ለአጎቷ ደወለች።