በፍሬሙ ጥግ የምትቆመው ሴት

ጭጋጉ ወንዙን እንደሸፈነው ታንኳዋን ገፍተው ገቡ። ባል ከፊት ተቀምጦ አዲሱን ሌንስ እንደ ሕፃን ታቅፎታል፤ ሚስት ከኋላ ትቀዝፋለች። ሌንሱ ለሙሉ ፍሬም ካሜራ የተሠራ፣ እጅግ ሰፊ የሚያይ ዙም ነው። የፊቱ መስታወት ስላበጠ የብርሃን ማጣሪያ እንኳ አይቀበልም። ሰውየው ሥራው ሌንስ መፈተን ነው። ዛሬም ከወንዙ በላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ፏፏቴውን ከነሸለቆው በአንድ ፎቶ ያስገባል፤ ከዚያ ይገዛ አይገዛ ብሎ ለመጽሔቱ ይጽፋል።

የሙያ ጓደኞቹ «ጥግ መርማሪ» ይሉታል። የማንኛውም ሌንስ ፎቶ መሐሉ ላይ ያምራል፣ ጉዱ የሚወጣው ጥጉ ላይ ነው ባይ ነው። ስለዚህ በሄደበት ሁሉ ሚስቱን ከፍሬሙ ጥግ ያቆማታል። ሰፊ ሌንስ ደግሞ ጥግ የቆመን ሰው ይለጥጣል። ቤታቸው በፎቶ ተሞልቷል፤ እሷ ግን በአንዱ ጭንቅላቷ ሐብሐብ አክሎ፣ በሌላው ክንዷ መቅዘፊያ መስሎ ነው ያለችው። «ብሞት ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ የለኝም» እያለች ትስቅ ነበር። ሰሞኑን ሳቋ ቀንሷል። ትናንት ዕቃ ሲያስሩ፣ «ይሄ የመጨረሻ መንገዴ ነው። ከእንግዲህ በእኔ ቦታ እንጨት አቁም» አለችው። ቀልድ መስሎት አለፈው።

ጭጋጉ ቀስ እያለ ሳሳ። ውሃው ወተት መሰለ፤ ዛፎቹ ሥራቸው ጠፍቶ አየር ላይ ተንሳፈፉ። ሰውየው ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ በዚያ ሕልም ውስጥ ሰመጠ። ከፊታቸው ጥቁር ድንጋይ የመሰለ ነገር ብቅ አለ።

«ጉማሬ ነው» አለች ሚስቱ መቅዘፉን አቁማ።

«ሩቅ ነው እኮ። ቅዘፊ።»

«ዓይንህን ከካሜራው አንሳ!»

ሲያነሳ አፍንጫቸው ሥር ነው። ሰፊ ሌንስ ቅርቡን እንደሚያርቅ ስንቱን ሰው አስተምሯል፤ ራሱ ግን ረሳው። አውሬው ከሥር ገፋ፤ ታንኳዋ ተገለበጠች። ሰውየው ካሜራውን ከራሱ በላይ ይዞ፣ እስከ ደረቱ እየሰመጠ፣ እየተንገዳገደ ዳር ወጣ። መስታወቱን አየ። ጠብታ አልነካውም። እፎይ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ዞር ያለው።

ሚስቱ ቄጠማ ጨብጣ ገና ውሃ ውስጥ ናት፤ ከወዲያ ጉማሬው ያናፋል። ካሜራውን ሣር ላይ ጥሎ ገባና ጎትቶ አወጣት። ሌንሱን አየችው፣ እሱን አየችው፣ ውሃውን ከጫማዋ አራግፋ መንገዱን ጀመረች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ዳገቱን ሁሉ እፍረት እየበላው፣ ጀርባዋን እያየ ተከተላት። ልትተወው እንደሆነ ያኔ ገባው።

አፋፉ ላይ ደመናው ከእግራቸው በታች ቀርቷል፤ ፏፏቴው ድምፅ የሌለው ይመስል በወርቃማ ብርሃን ውስጥ ይወርዳል። ምቹዋን ዓለት ግን ሌላ ሰው ይዟታል፤ የተፎካካሪ መጽሔት ሌንስ ፈታኝ፣ ያንኑ ዓይነት ሌንስ ይዞ።

«ቀደምኩህ፣ ጥግ መርማሪ» አለ። «እኔ ጨርሻለሁ፤ ቶሎ በል፣ ብርሃኑ ሊሄድ ነው።»

ሚስቱ እንደ ልማዷ ሳትጠየቅ ወደ ግራ ጥግ ሄዳ ቆመች። ልብሷ ይንጠባጠባል።

«እዚህ ይበቃል?»

«አይበቃም። ወደ መሐል ነይ።»

«ፏፏቴውን እከልልብሃለሁ።»

«ከልይው።»

ተፎካካሪው ሳቀ። «ጥጉ ባዶ ሆነ እኮ። ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?»

በዚህ ሰፊ ሌንስ የሰው ፊት አጥርቶ ለማየት መጠጋት ግድ ነው። ሰውየው ተጠጋ፤ ትንፋሿ መስታወቱን እስኪያጨግገው ተጠጋ። ፀጉሯ ላይ የወንዝ ቅጠል ተጣብቋል።

«አስቀድሜ አንቺን ማየት ነበረብኝ» አለ። «ይቅር በይኝ።»

ቅጠሉን ከፀጉሯ ላይ ነቀለች። ከዚያ ከንፈሯ ጫፍ ላይ የጠፋው ሳቅ መጣ፤ እሱም የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። ብርሃኑ ሄደ።

ለመጽሔቱ የላከው ግምገማ አጭር ነበር። «መሐሉ ያምራል። ጥጉን አላየሁትም» ይላል። አዘጋጁ ሥራውን ለተፎካካሪው ሰጠው።

ፎቶው ታትሞ ሲመጣ ሚስቱ መስኮቱ ጋ ወስዳ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄም ለለቅሶ አይሆንም። እየሳቅኩ ነው፤ አፍንጫዬም አብጧል።»

«ያበጠው ስለተጠጋሁ ነው።»

«እንግዲያው ይሰቀል» አለችና መዶሻ ፍለጋ ሄደች።