የቅዳሜዋ ገምጋሚ

የቅዳሜው እንቆቅልሽ ሙሉ መልስ ሰኞ ጠዋት ድረ-ገጹ ላይ ወጣ። መውጣት የነበረበት ዓርብ ነው። ቀኑን የተሳሳተችው ኮኒ ናት። ስህተቱን እያየች ዝም ያለችው ደግሞ ኤፊ ናት፤ ይህን ግን ከራሷ ከኤፊ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ትምህርት ቤት በምሳ ሰዓት ኤፊ ስልኳን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃ አስተያየቶቹን ታነባለች። መቶ አርባ ሰባት ደርሰዋል። በሌላ ሰኞ ሠላሳ ከሞሉ ብዙ ነው። አንዱ «አሥራ ሰባት ዓመት ያልተጣሰ ደንብ ዛሬ ተጣሰ» ብሎ ጽፏል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ፖስታዬን ገና አልላክሁም ነበር። አሁን ብልክ፣ ራሴ እንደፈታሁት ማን ያምነኛል?» ብለዋል።

ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ኮኒ የድንች ጥብሷን በሹካ ከወዲያ ወዲህ ትገፋለች።

«ዓርብ ብዬ ነው የሞላሁት» አለች። «እርግጠኛ ነኝ። ማለቴ፣ እርግጠኛ ነበርኩ። አሁንማ ስሜንም ብትጠይቂኝ እንጃ።»

«ብዪ እንጂ። በረደብሽ።»

«ኤፊ፣ አንቺ ስታነቢው ቀኑ ምን ይል ነበር?»

ኤፊ አፏ ውስጥ ያለውን ቁራሽ ከሚገባው በላይ አላመጠችው።

«እኔ ጽሑፉን ነው ያነበብኩት። ቀኑን ልብ አላልኩትም።»

ኮኒ ራሷን ነቀነቀች። አመነቻት። ኤፊን ያናደዳት ይህ ነው፤ ትንሽ እንኳ ብትጠራጠር ምን ነበረበት?

ድረ-ገጹ የኤፊ አያት የሚስተር ዊልፍ ክራብትሪ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ አውቶቡስ ሲነዱ በኖሩበት ትጋት ነው የሚያስተዳድሩት። አንድ የታወቀ ጋዜጣ በየቀኑ መስቀለኛ ቃላት፣ ማለትም የቃላት እንቆቅልሽ፣ ያወጣል፤ ፍንጩ ላይ ላዩን ስለ ዓሣ ማጥመድ ወይም ስለ ጳጳስ ሠርግ የሚያወራ፣ ውስጡ ግን ፍጹም ሌላ ነገር የሆነ። በአያቷ ድረ-ገጽ ላይ ሰባት ገምጋሚዎች አሉ፤ ለሳምንቱ ቀናት አንድ አንድ። የቀኑ ባለቤት እንቆቅልሹን ይፈታል፣ እያንዳንዱ ፍንጭ እንዴት እንደተሸረበ ያብራራል፣ የወደደውንና ያልወደደውን ይጽፋል። ከዚያ አንባቢው በአስተያየት ይከራከራል፣ ያመሰግናል፣ ይኮራረፋል።

የቅዳሜው የሽልማት ነው። ሰው መልሱን በፖስታ እስከ ሐሙስ ይልካል፤ እስከዚያ ድረስ ስለ ቅዳሜው እንቆቅልሽ አንዲት ቃል መተንፈስ ነውር ነው። በአገሩ ያሉ ፈቺዎች ሁሉ ይህን ያከብራሉ። ችግሩ፣ የሚወጣበትን ቀን ካልቀየሩት ድረ-ገጹ ራሱ የማግስቱን ጠዋት ይሞላል። ለዚህ ሲባል የቅዳሜው ጽሑፍ ሁለተኛ ሰው አይቶት «አይቻለሁ» የሚለውን ካልተጫነ አይወጣም። ሁለተኛዋ ሰው ኤፊ ነበረች።

ኮኒን ወደዚህ ጉዳይ ያስገባቻት እሷው ናት። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ይህ ነው። ያለፈው መስከረም በዝናብ ምክንያት እቤታቸው የቆየችው ኮኒ፣ «ይሄ ምንድን ነው? ሰውየው አብዷል እንዴ?» ብላ ስለ አንድ ፍንጭ ጠየቀች። ኤፊ አስረዳቻት። ኮኒ የመጀመሪያዋን እንቆቅልሽ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ኤፊ አማካይ ሰዓቷ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው፤ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ከአያቷ ጎን ተቀምጣ ስትፈታ ያደገች ናት።

የቅዳሜዋ ገምጋሚ ሚስስ ኦግደን ዓይናቸው ደክሞ ሲተዉት፣ ኤፊ ቦታው የእሷ ስለመሆኑ ሁለት ጊዜ አላሰበችም። አያቷ ግን ለሁለቱም አንድ አሮጌ እንቆቅልሽ ሰጥተው «ጻፉልኝ» አሉ። ኤፊ በአሥራ አራት ደቂቃ ፈትታ፣ የእያንዳንዱን ፍንጭ ሰሙንም ወርቁንም ልቅም አድርጋ አስቀመጠች። ኮኒ ሁለት ቀን ወሰደባት፤ አንዱን ፍንጭ «አልገባኝም፣ የገባው ሰው ይርዳኝ» ብላ ተወችው። አያቷ የኮኒን ቁርስ ላይ ጮክ ብለው አነበቡ፤ ሻያቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ።

«አንቺ ትፈቺዋለሽ፣ ልጄ» አሉ በኋላ። «እሷ ግን ታሳያለች።»

ቅዳሜን ለኮኒ ሰጧት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኤፊ የኮኒን ጽሑፍ ልታርም ተቀመጠች። ጥሩ ነበር። አግድም አሥራ ሁለት ላይ ያለውን ፍንጭ ስታሰላስል ከአውቶቡስ መውረጃዋን ሦስት ፌርማታ እንዳለፈችው፣ መልሱ የመጣላትም በዝናብ እየተመለሰች አንድ ሰው ውሻውን ሲቆጣ ሰምታ እንደሆነ ጽፋለች። ኤፊ ሳታስበው ሳቀች። መሳቋ አበሸቃት። ወደ ታች ስትወርድ፣ የመውጫው ቀን ላይ «ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» ይላል።

አንድ መልእክት መላክ በቂ ነበር። «አንቺ ፋራ፣ ቀኑን ቀይሪ» ብትላት ኮኒ አንድ ሺህ ጊዜ አመስግናት ታስተካክለው ነበር። ከዚያ ዓርብ ዕለት ሁሉም ሰው አግድም አሥራ ሁለትን አንብቦ ይስቃል፤ አያቷም ቁርስ ላይ ያነቡታል።

«አይቻለሁ» የሚለውን ተጫነች። ከዚያ ተነሥታ ማንም ሳይጠይቃት ሳህን አጠበች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ በሸሚዝ ብቻ ወጥ ቤት ቆመው ስልክ ያወራሉ። ማዶ ያለው የጋዜጣው የእንቆቅልሽ አዘጋጅ ነበር። «አዎ። አዎ፣ ይገባኛል። ሙሉ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ይላሉ። ሲዘጉ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

«የዚህን ሳምንት ሽልማት ሰርዘውታል» አሉ። «ጃርትም ጽፏል።»

ጃርት የቅዳሜውን እንቆቅልሽ የሚሠራው ሰው የብዕር ስም ነው። ማን እንደሆነ አያውቁትም፤ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየዓርቡ መጥቶ ገምጋሚውን ያመሰግናል። ኤፊ ስልኳን አውጥታ አስተያየቱን አየች። አንድ መስመር ብቻ ነበር። «ለጥቂት ጊዜ እዚህ አልመጣም።»

«አኩርፎ ነው፣ ይመለሳል» አለች።

«አላውቅም።» አያቷ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ኮኒ ከቅዳሜ ትነሣለች። ደውዬ ነግሬያታለሁ። አንድም ቃል አልተከራከረችም፣ የኔ ምስኪን። ቅዳሜን አንቺ ትይዣለሽ።»

ኤፊ ደስታው መጥቶ እንደሆነ ለማየት ጠበቀች። መጣ። መዋሸት ምን ያደርጋል፤ መጣ፤ ሞቅ ብሎ ደረቷ ድረስ ወጣ።

ማክሰኞ ኮኒ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አንድ ሰማያዊ ደብተር አቀበለቻት። ጃርት የሚወዳቸውን ማታለያዎች ሁሉ እየለቀመች የጻፈችበት ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ የትንንሽ ጃርት ሥዕል አለ፣ አንዳንዱ መነጽር ያደረገ።

«ላንቺ ይጠቅምሻል» አለች።

«ያንቺ አይደል እንዴ? ያዢው።»

«ምን ላደርገው ነው?» ኮኒ ትከሻዋን ነቀነቀች። «አቦ፣ ተይኝ፣ ውሰጂልኝ። ሁለተኛ ላየው አልፈልግም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ኮኒ አውቶቡስ ውስጥ ጋዜጣ አልገለጠችም። በመስኮት ታያለች። ኤፊ ከጎኗ ተቀምጣ ትፈታለች፤ ስትጨርስ ሰዓቷን የምትነግረው ሰው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ኤፊ እንቆቅልሹን በአሥራ ስድስት ደቂቃ ጨረሰች። ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ለዓርብ የሚወጣውን መጻፍ ጀመረች። «ቀላል ነበር» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «መካከለኛ ነበር» ብላ ጻፈች። ከላይ ስሟ ተቀምጧል። የቅዳሜ ገምጋሚ፣ ኤፊ ክራብትሪ። ለዚህ ስም ስንት ጊዜ ቋምጣለች! አሁን ስታየው እስክሪብቶ ላይ እንደተለጠፈ የዋጋ ወረቀት ሆነባት።

ወጥ ቤት አያቷ ከረቡዕ ገምጋሚው ጋር በስልክ ያወራሉ። ድምፃቸው በግድግዳው ያልፋል።

«አይ፣ ልጅቷ ግድ የለሽ ናት፣ ሌላ ምን ይባላል» አሉ። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ቀልደኛ ጽሑፍ አየሁና ተታለልኩ። የእኔዋ እንደዚህ ያለ ነገር አትሠራም። ከመጀመሪያውም ለእሷ መስጠት ነበረብኝ።»

ኤፊ እነዚህን ቃላት መስማት ስትመኝ ከርማለች፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ማለት ይቻላል። ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። ኮኒ ግድ የለሽ አይደለችም። ላንዲት ፍንጭ ሦስት ፌርማታ የምታልፍ ልጅ ግድ የለሽ አትባልም። አያቷ ተሳስተዋል፤ ኤፊ ደግሞ የተሳሳተ መልስ ሳጥኑ ውስጥ ተሞልቶ እያየች ማለፍ አትችልም። አድርጋው አታውቅም ማለት አይደለም፤ እሑድ ዕለት ችላዋለች። ዛሬ ግን አልቻለችም።

ተነሥታ ሄደች። አያቷ ስልኩን ዘግተው ሻያቸው ላይ ወተት እየጨመሩ ነበር።

«አባባ፣ ኮኒ ግድ የለሽ አይደለችም።»

«ጓደኛሽ ናት፣ ይገባኛል።»

«ቀኑን አይቼዋለሁ።»

«የቱን ቀን?»

«ሰኞ ይል ነበር። አየሁት፣ ከዚያ ‹አይቻለሁ›ን ተጫንኩ።»

«እንግዲህ ሳታስተውዪ…»

«አስተውዬ ነው።»

አያቷ የወተቱን ጠርሙስ ቀስ ብለው አስቀመጡ። ቁጣ ጠብቃ ነበር። የመጣው ግን ቁጣ አልነበረም፤ መንገድ የጠፋው ሰው ፊት ነበር።

«ለምን?»

«ቅዳሜን ለእሷ ስለሰጠሃት።» ቃሉ አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላው ተከተለ። «የእሷን ቁርስ ላይ ጮክ ብለህ ስለምታነብ። ሻይ ትን እስኪልህ ስለምትስቅ። የእኔን አንድ ቀን አንብበህልኝ አታውቅም።»

«ያንቺን ማንበብ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም» አሉ ዝግ ብለው። «አንቺ ሁልጊዜ ልክ ነሽ።»

«አዎ። ደስ ይላል፣ አይደል?»

አያቷ ሻያቸውን በማንኪያ አማሰሉ። ከዚያ አያቷ ቀና አሉ፤ መላ ሲያገኙ እንደሚሆኑት ድምፃቸው ፈጠን አለ።

«ስሚኝ። ይሄ ከዚህ ወጥ ቤት አይወጣም። ሁለት ሳምንት እንጠብቅና ኮኒን እመልሳታለሁ። ‹ሁለተኛ ዕድል ይገባታል› ብዬ እጽፋለሁ፤ ሰው ደስ ይለዋል። ቦታዋን ታገኛለች፣ አንቺም ትድኛለሽ። የገዛ የልጅ ልጄ ሆን ብላ አደረገችው ብዬ ብጽፍ ግን ጃርት ለዘላለም ሄደ ማለት ነው። ሌሎቹም ይከተሉታል።»

ጥሩ መላ ነበር። ኤፊ ከሁሉም አቅጣጫ ሞከረችው፤ ይገጥማል። ኮኒ ትመለሳለች፣ አያቷ አይዋረዱም፣ እሷን ማንም ክፉ አይናገራትም።

«ይቅር ያልናት ይመስላታል» አለች።

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ዕድሜዋን ሙሉ ስታመሰግነን ትኖራለች። እኔንም ጭምር።»

«ቀኑን ሳትቀይር የተወችው እሷ ናት፣ ኤፊ። ግማሹ ጥፋት የእሷ ነው።»

«ግማሹ። እሷ ግን ሙሉውን ነው የተሸከመችው።» ኤፊ ወደ ሳሎን በአገጯ አሳየች። «ስሜን ከቅዳሜ ላይ አንሣው። ድረ-ገጹ ላይ የምትጽፈውን አንተ ታውቃለህ። ለኮኒ ግን እኔ ነኝ የምነግራት።»

«ደውዪላታ።»

«በስልክ አይሆንም። መሃል ላይ ትዘጋብኛለች።»

«በሩንም ልትዘጋብሽ ትችላለች።»

«ትችላለች።»

አያቷ ማንኪያውን አስቀመጡ። ተነሥተው ወደ ሳሎን ገቡ፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ፣ ቀጥሎም የቁልፎቹ ድምፅ፣ በሁለት ጣት፣ አንድ በአንድ።

ኤፊ ኮሪደሩ ላይ ጃኬቷን ለበሰች። ምን ብላ እንደምትጀምር አላወቀችም። «ቀናሁብሽ» የሚለው ቃል በአፏ ውስጥ ተገላበጠ፤ አጭር ነው፣ ልክ ነው፣ ምንም አያሳይም። ኮኒ ብትሆን ይህንኑ ታሪክ ከፌርማታውና ከዝናቡ ጋር አድርጋ፣ ሰሚውን እያሳቀችም እያስለቀሰችም ታወራው ነበር። ኤፊ ይህን አሰበችና፣ አሁንም፣ እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ ቀናች።

ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።