ስም የሌለበት ወረቀት

ይህ በሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው። ፈጠራ ነው የሚል ሰው ጎንደር ፒያሳ ወርዶ የተዘጋውን ማኅተም ቤት ይይ። እኔ ግን አብሬው አልሄድም፤ ምን ቆርጦኝ!

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ነው፤ መንገዱ ጭር ብሏል...

ካህናቱ በጸሎታቸው "ጋኔነ ቀትር" የሚሉትን፣ በቀትር የሚወጣውን ጋኔን፣ ሰምታችኋል? እኔ ድሮ የሚያስፈራው ጨለማ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አምሐ ማኅተም ሠሪ ነው። ጎማ ይቀርጻል፣ የተሰበረውን ይጠግናል፣ የደረቀውን ቀለም ይሞላል። ሚስቱ ማስተዋልም እዚያው አብራው ትሠራለች።

እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ያላቸው እርስ በርስ ብቻ ነው። አምሐ ያለ እሷ ምሳ እንኳ አይወርድለትም። "አትማሃለች እኮ! አንተ ከእንግዲህ ለሌላ ጉዳይ አታገለግልም!" እያለ ይቀልድበት የነበረው ጎረቤታቸው አንዳርጋቸው ነበር፤ በአንድ ግድግዳ የሚዋሰናቸው የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት።

ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር።

የዚያን ቀን አንዲት ልጅ ገባች። ልዕልት ትባላለች፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

ቲተር ነው። ያ ፊርማ ሥር የሚመታው፣ ስምና ማዕረግ ያለበት ማኅተም። ራሱን ቀለም የሚቀባው ዓይነት ነው፤ ጫን ሲሉት ጎማው ቀለም ከጠጣው ስፖንጅ፣ ከፓዱ፣ ተገልብጦ ወረቀቱን ይመታና ወደ ቦታው ይመለሳል።

ጠቅ!

"ቀለም ይሙሉልኝ፣ ጋሼ" አለች በሹክሹክታ።

አምሐ ስሙን አነበበ። መለሰ ወልደ ገብርኤል፤ ቡድን መሪ።

"አቶ መለሰ ሞተዋል አይደል እንዴ? ድብ ባሕር መንገድ ላይ... የጭነት ማኪና የተገለበጠባቸው?"

"አዎ።"

"ታዲያ የሟች ቲተር በምላጭ ይቆረጣል እንጂ ቀለም ይሞላል?"

"ያላለቁ ወረቀቶች አሉ። አለቃዬ ናቸው ያዘዙኝ።"

"የት ተገኘ?"



"ከኪሳቸው። እሳቸው እኮ... የሚነሣ ነገር አልነበራቸውም። አጥንታቸው ሁሉ ደቅቆ ነበር። እሱ ግን ምንም አልሆነ።"

እውነቷን ነው። ፕላስቲኩ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም።

አምሐ እዚህ ላይ እምቢ ማለት ነበረበት። ግን የተቸገረ ሰው ፊት ሲያይ "አይሆንም" የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። የልጅቷ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየና ወረንጦውን አነሣ።

ፓዱን ሳብ አድርጎ አወጣው።

ቀለም ያለቀበት ፓድ ይቀልላል፤ እንደ ደረቀ ቂጣም ይጠጥራል። ይኼኛው ግን አብጦ ነበር። ረጥቦ ነበር። ሞቆም ነበር...

ጎማውን በጥርስ ብሩሽና በለብታ ውኃ አጠበው። ውኃው ቀላ።

"የምትጠቀሙት ቀይ ቀለም ነው?"

"ሰማያዊ ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?"

ልዕልት በሩን ነበር የምታየው።

አሮጌውን ፓድ ጣለና አዲስ ፓድ ከተተ። ሰማያዊ ቀለም ጠብ፣ ጠብ አደረገበት። አንድ ፓድ ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። ይኼኛው ግን አልጠግብ አለ። ጠርሙሱ እየጎደለ ሄደ፤ ስፖንጁ አሁንም ነጭ ነው።

"ምነው፣ ግመል ነው እንዴ?" ብላ ማስተዋል ሳቀች።

ልዕልት አልሳቀችም። ወደ አምሐ ጆሮ ጠጋ አለች።

"ጋሼ... ሲሞክሩት ስም የሌለበት ወረቀት ላይ ይሁን።"

"ለምን?"

"ብቻ።"

የቢሮ ሰው አመል አያልቅም ብሎ አለፈው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ማኅተም ሠሪ የሠራውን ሳይሞክር አያስረክብም። ለሙከራ ደግሞ አዲስ ወረቀት አያባክንም። የአምሐ የሙከራ ወረቀት አንዳርጋቸው ያበላሸው ፎቶ ኮፒ ነበር፤ የጠቆረው፣ የተጣመመው፣ ግማሹ የተቆረጠው። ያንን ይገለብጥና ንጹሑ ጀርባ ላይ ይመታል። ዕድሜ ልኩን ሲያደርግ የኖረው ነው።

ከክምሩ አንዱን ሳበ። ገለበጠው። ነጭ ነው፤ ስም የለበትም።

ጠቅ!

ሰማያዊ ቀለም የሞላው ቲተር... ቀይ መታ።

ከጽሑፉ በደንብ የወጣው የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነበር። "መለሰ" ይላል።

"ምኑን ይሆን የመለሰው?" አለች ማስተዋል፤ አሁንም እየቀለደች።

ያኔ ከግድግዳው ማዶ አንድ ድምፅ ሰሙ።

ዱብ!

የእህል ጆንያ ከማኪና ላይ ሲወረወር እንደሚሰማው ዓይነት። ከዚያ በኋላ የኮፒ ማሽኑ ብቻ... ሽር፣ ሽር፣ ሽር።

"አንዳርጋቸው?" ብሎ ተጣራ አምሐ።



ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ገባ። መጀመሪያ ያየውን አላወቀውም። ሰው መሆኑንም አላወቀም።

አንዳርጋቸው አጥሮ ነበር። አንገት የለውም። ራሱ በትከሻዎቹ መካከል ወደ ደረቱ ገብቷል። የጉልበቱ አጥንት ሱሪውን ቀዶ ወጥቷል። ደም በጆሮውና በአፍንጫው ይንዶለዶላል። የቆመበት የወለል ሸክላ እንኳ ከሥሩ ተሰነጣጥቋል።

አምሐ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። ምንም የወደቀ ነገር የለም።

ጎንበስ አለ። በራ አናቱ ላይ አንድ ቀይ ቃል ታትሟል...

"መለሰ።"

እንዴት እንደ ወጣ አያስታውስም። ወደ ሱቁ ሲሮጥ ልዕልት በሩ ላይ ነጠላዋን ነክሳ ታለቅሳለች።

"ደገመችው! ከለከልኋት እኮ... ጋሼ፣ ደገመችው!"

ማስተዋል ጠረጴዛው ጋ ቆማለች። ቲተሩ ቀኝ እጇ ውስጥ ነው።

"የበፊቱ ደብዝዞ ነበር፤ በሌላ ወረቀት ደገምሁት" አለች። "ምነው? ምን ሆነህ ነው?"

"አስቀምጪው።"

"ምን..."

"አስቀምጪው አልሁሽ!"

አስቀመጠችው። አምሐ የመጀመሪያውን ወረቀት ገለበጠ። ከጀርባው አንዳርጋቸው ፈገግ ብሎ ያየዋል። የራሱ መታወቂያ ኮፒ ነው፤ ማሽኑን ሲሞክር ያበላሸው።

ሁለተኛው ወረቀት እዚያው አጠገቡ ነበር። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ሊገልጠው አልፈለገም። እጁ ግን ገለጠው።

ለንግድ ፈቃድ እድሳት ያስነሡት የመታወቂያዋ ኮፒ ነው፤ ጠቁሮባቸው የጣሉት። ከነጉርድ ፎቶዋ፣ ከነሙሉ ስሟ... ማስተዋል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ቲተር ማንም ሳይነካው ወደ ታች ዝቅ ማለት ጀመረ። ጎማው ወደ ጠረጴዛው እየቀረበ... እየቀረበ...

አምሐ ሚስቱን በወገቧ ይዞ ጎተታት።

ጠቅ!

የሚታይ ነገር አልመጣም። አየሩ ብቻ ከላይ ወደ ታች ከበደ። አጠገቧ የነበረው ወንበር ተሰባብሮ መሬት ላይ ተለጠፈ። ማስተዋል ግን ሙሉ በሙሉ አላመለጠችም። የግራ ትከሻዋ አጥንት እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ለጆሮው ተሰማው። ጩኸቷ እስካሁን አብሮት ያድራል።

ቲተሩ ቀና አለ። ደግሞ ዝቅ ማለት ጀመረ።

"አምሐ... አምሐዬ... እንዳትለቀኝ!"

ለቀቃት። ሌላ ምን ያድርግ? የጎማ መቁረጫውን ቢላ አነሣና ቲተሩን ከጠረጴዛው ነጠቀው። እንደ ተያዘ ዶሮ እጁ ውስጥ ተወራጨ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ፈንቅሎ ወሰደው። አምሐ ደረቱን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ገለበጠውና ቢላውን ጎማው ውስጥ ሰካ።

ደም ፊቱን መታው። ትኩስ ደም።

ቆረጠ። ደግሞ ቆረጠ። የልጅቷን አለቃ እየረገመ፣ ራሱን እየረገመ ከተፈው። ጎማው እስኪያልቅ፣ ሞላው ተፈትቶ ግድግዳ ላይ እስኪወረወር ድረስ አላቆመም።

ከዚያ ሁሉ ነገር ጸጥ አለ።

ልዕልት ሄዳለች። ነጠላዋ ብቻ በሩ ላይ ወድቋል።

ማስተዋል ግን ትተነፍስ ነበር። በባጃጅ አቅፎ ሆስፒታል አደረሳት። ሐኪሞቹ ትከሻዋንና ጎድኗን አሰሩላት፤ ትተርፋለች አሉት። አምሐ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አንዳርጋቸውን ፖሊስ ወስዶታል፤ ሰፈሩ "ኤሌክትሪክ ነው" አለ፣ "ልቡ ነው" አለ። አምሐ ያየውን ግን ማን ይጠይቀዋል?

ሲነጋ ነርሷ መጣች። እቴነሽ ትባላለች፤ ሳቂታ፣ ቀጭን ልጅ።

"አይዞሽ እታለም፣ ቀና ላድርግሽ። እጅሽን እኔ ላይ ጣይው።"

ማስተዋል ቀኝ እጇን በነርሷ ትከሻ ላይ አሳልፋ ጀርባዋን ያዘች። ነርሷ ቀስ ብላ አነሣቻት፣ ትራሱን አደላደለችላት፣ አንሶላውን ሳበችላት።

ማስተዋል እጇን መለሰች። አምሐ መዳፏን ያየው ያኔ ነው።

ቆዳው አብጧል። ያበጠው ፊደል ሠርቷል። ፊደሉ ደግሞ ግልብጥ ነው፤ ማኅተም ሠሪ ጎማ ላይ እንደሚቀርጸው። አምሐ ግልብጥ ፊደል ማንበብ ሥራው ነው፤ ለማንበብ ጊዜ አልወሰደበትም።

ቀና ብሎ ነርሷን አየ። ወደ በሩ እየሄደች ነበር። በነጭ ጋውኗ ጀርባ ላይ ያው ቃል ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ታትሟል። ቀዩ ገና ይወርዳል።

ሊጠራት አፉን ከፈተ።

ማስተዋል እጅጌውን ያዘችው።

"ተው" አለች በሹክሹክታ። "አትጥራት።"

"ማስተዋል..."

"እስካሁን ሲጫነኝ ነበር፣ አምሐዬ። እዚህ... ደረቴ ላይ ቆሞ ነበር። እሷን ስነካት ወረደ።" እንባዋ በጉንጯ ፈሰሰ። "አትጥራብኝ። በማርያም!"

አምሐ ሚስቱን አየ። ያለችው እሷ ብቻ ናት።

አፉን ዘጋ።

እቴነሽ በረጅሙ ኮሪደር ግራና ቀኝ "ደህና አደራችሁ?" እያለች ትሄዳለች። ከኮርኒሱ ነጭ ብናኝ ይረግፋል... ከእሷ አናት በላይ ብቻ፣ እርምጃዋን እየተከተለ። እሷም ፀጉሯን በእጇ አራገፈችና እየሳቀች ወደሚቀጥለው ክፍል ገባች።