የዶሮ ቤቱን በር ማን ዘጋው?

ጂን አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ተኝተህ ተነስ» ብዬ የማልፍ ሴት ነኝ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ስሠራ ስንት ዓመቴ፣ ከማሽኑ ወጥቼ ጆሮዬ ሲጮህ ነው የሚያድረው፣ ያን ሁሉ ጂን ነው ብል ኖሮ እስካሁን አብጄ ነበር። ይህን የማስቀድመው የምነግራችሁን ነገር የወሬ ማሟያ እንዳታደርጉብኝ ነው።

ከቤታችን ጀርባ ባለችው ክፍል አያ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር፣ ከሐርቡ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው። ዶሮዎቼን ጠዋት የሚከፍቱልኝ፣ ማታ የሚዘጉልኝ እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ያ ሥራ ሰው አጣ፣ እኔ ፈረቃ ላይ ነኝ፣ ባለቤቴ ይመር ደግሞ ለሥራው ደሴ ይመላለሳል፣ አንድ ምሽት ሸለምጥማጥ ገብቶ ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱን ጨረሰብኝ።

በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ የዶሮ ቤት በር ደሴ ይሸጣል ሲሉኝ በእረፍት ቀኔ ሄድኩ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ።

«ይቺ ብርሃን አይታ ነው የምትዘጋው እህቴ፣ ይቺኛዋ ደግሞ በሞላሽላት ሰዓት።»

«የትኛዋ ትሻለኛለች?»

«የብርሃኗን ክረምት ላይ ደመናው ያታልላታል፣ በቀን ትዘጋና ዶሮዎቹ ውጭ ይቀራሉ።»

«ዶሮ ከሥሯ ብትገባስ፣ አትጨፈልቃትም?»

እጁን ከሥሯ አስገባ፣ በሯ ነካችውና ተመልሳ ወጣች። የሰዓቷን ወሰድኩ። በአራት ባትሪ ድንጋይ ነው የምትሠራው፣ ሌላ መብራት አያስፈልጋትም። ይመር ገጠማት፣ ማታ ለአንድ ሩብ ጉዳይ እንድትዘጋ ሞላናት።

አንድ ሳምንት ሰላም ነበር። ከዚያ አዲስ የተከራየችው ጎረቤታችን ፋጡማ በአጥር ላይ ጠራችኝና፣ «ዘይነባ፣ የቀጠራችሁት ሰውዬ ወላሂ ደግ ነው፣ ማታ ማታ ዶሮዎቹን እያናገረ ሲያስገባ እሰማዋለሁ» አለችኝ። ማንንም አልቀጠርንም፣ ፋጡማም አያ ሙሄን አታውቃቸውም፣ ሰፈራችን የገባችው ከቀብራቸው በኋላ ነው። «ከሌላ ግቢ ይሆናል» ብዬ ሳቅኩ። ከሥራ ስመለስ ግን የዶሮዎቹን ውሃ መጠጫ ሞልቶ አገኘው ጀመር፣ ይመርን ስጠይቀው፣ «አንቺ ነሽ እኮ የሞላሽው» ይለኛል።

ያን ቀን የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ ቤት ነኝ፣ ይመር መግሪብ ሊሰግድ መስጊድ ሄዷል። ለአንድ ሩብ ጉዳይ አለፈ፣ በሯ አልወረደችም። ድንጋዩ አልቆ ይሆናል ብዬ ሳጥኗን ከፈትኩና አራቱንም አወጣሁ፣ በመዳፌ ይዣቸዋለሁ፣ ልብ በሉልኝ፣ በመዳፌ። ያኔ ነው ዶሮዎቹን ያየኋቸው፣ በዚያ ሰዓት ቆጥ ላይ መሆን ሲገባቸው ዘጠኙም ውጭ ቆመው አንገታቸውን ወደ ኋለኛዋ ክፍል ዘርግተዋል፣ አንዷም ድምፅ አታሰማም። ከዚያ የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ተመታ፣ ቀስ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ። ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ገቡ። በሯ መውረድ ጀመረች፣ ሁልጊዜ የምሰማው የሞተሯ ድምፅ የለም፣ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ አንካሳዋ ዶሮ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር፣ እሷ እስክትገባ ጠበቀቻትና ተዘጋች።

«አያ ሙሄ፣ እርስዎ ነዎት?» አልኩ፣ መናገሬን ያወቅኩት የራሴን ድምፅ ስሰማ ነው።

ይመር ሲመጣ እዚያው ቆሜ አገኘኝ። ድንጋዮቹን አሳየሁት።

«ከተዘጋች በኋላ ነው ያወጣሻቸው፣ ተምታቶብሽ ነው፣ አብሽሪ» አለና እጄን ይዞ አስገባኝ።

ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። አያ ሙሄ ዶሮዎቹን ሲያስገቡ ቆርቆሮውን በከዘራቸው ሦስቴ መታ መታ የማድረግ ልማድ ነበራቸው። የሞቱ ዕለት ይመር ደሴ ነው ያደረው፣ እኔ ለማታ ፈረቃ ስወጣ ያንኑ ድምፅ ሰማሁ፣ ከወትሮው በዛ ብሎ፣ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። ሰርቪሱ እንዳያመልጠኝ ስል ሳልዞር «ደህና ይደሩ» ብዬ ወጣሁ። ሲነጋ ስመለስ ዶሮ ቤቱ ሥር ወድቀው አገኘኋቸው፣ በሩ ክፍት፣ ዶሮዎቹ ውጭ ናቸው። እየጠሩኝ ነበር ማለት ነው። አሁንስ እየረዱኝ ይሁን፣ ወይ እየወቀሱኝ፣ አላህ ነው የሚያውቀው።

በሯን አላነሳኋትም፣ በሰዓቷ ትከፈታለች፣ በሰዓቷ ትዘጋለች። ባለፈው ሳምንት ከፋብሪካችን አንዲት አዲስ ልጅ የኋለኛዋን ክፍል ልከራይ ብላ መጣች።

«ተይዟል» አልኳት፣ ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«ማን ገባበት?» አለችኝ።

ወደ ዶሮ ቤቱ ዞሬ አየሁ። እሷም ሌላ ሳትጠይቀኝ ወጣች፣ የግቢውን በር ስትዘጋው ግን የተኛ ሰው እንዳይነቃባት ያህል ቀስ አድርጋ ነበር።