የቦይለሩ ልብስ

«ቦይለሩን ልትድሪው ነው እንዴ? ቬሎ ብቻ ነው የቀረው!» አለ ዳርኮ የመታጠቢያ ቤቱን በር ተደግፎ።

«ሳቅ አንተ። ዛሬ መጨረሻ የምትታጠበው አንተ ነህ፤ ያኔ ታመሰግነኛለህ» አለችው እህቱ ካሊና፣ የመጨረሻውን ፕላስተር እየለጠፈች።

የመቄዶንያዋ የቢቶላ ከተማ የክረምት ብርድ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነው። እናታቸው ደግሞ ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው ስለምትፈራ ቦይለሩን ሳታጠፋ ማንንም አታስገባም። ስለዚህ መጨረሻ የሚታጠብ ሰው ሁሌም እየተንቀጠቀጠ ነበር የሚወጣው። ካሊና አሮጌውን ቦይለር ከላይ እስከ ታች፣ የሥሩን ክዳን ሳታስቀር፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ባለፎይል ስፖንጅ አለበሰችው። ዳርኮ ያን ዕለት እየዘፈነ ወጣ።

ወሬው ላይኛው ፎቅ እትዬ ስቶይና ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ካሊና የሳቸውንም እንዲሁ ጠቀለለችላቸው። እሳቸውም ባገኙት ሰው ሁሉ ፊት «የኔ መሐንዲስ» ይሏት ጀመር። ብትኩራራ አይፈረድባትም።

የቅዱስ ኒኮላ በዓል ዕለት እናቷ ውሃው ከመጠን በላይ ፈላ አለችና ቦይለሩን አጠፋች። ሙቀት መቀነሻው ያለው ከሥር፣ ክዳኑ ላይ ነው። ካሊና እሱን ለማግኘት ስፖንጁን በመቀስ ስትቀደው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዋን መታት። የኤሌክትሪክ ሽቦው ልባስ ቀልጦ ክዳኑ ላይ ተጣብቋል። መተንፈስ የነበረበትን ቦታ ያፈነችው እሷው ናት። ክው አለች።

«የእትዬ ስቶይናም እንደዚሁ ነው» አለች።

«አሁን ቤታቸው በዝክር እንግዳ ጢም ብሏል። ሙድ ነው የሚይዙብሽ!» አለ ዳርኮ። «ከሄድሽም ‹ላሻሽለው ነው የመጣሁት› በያቸው። ማን ያውቅብሻል?»

ካሊና መቀሱን እንደያዘች ደረጃውን ወጣች።

እትዬ ስቶይና በሩን ሲከፍቱ የተጠበሰ ዓሣ ሽታና የእንግዶች ሳቅ አብረው ወጡ። «ይኸው፣ መሐንዲሷ መጣችላችሁ!» አሉ ወደ ውስጥ ዞረው። ማዕዱን የከበቡት ሁሉ ቀና አሉ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም መለኪያቸውን አነሱላት።

ፊቷ በርበሬ መሰለ። የዳርኮ ምክር ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«እትዬ ስቶይና፣ ቦይለሩን አሁኑኑ ያጥፉልኝ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ተሳስቼ ነው የሠራሁት። አደጋ አለው።»

እትዬ ስቶይና ፈጥነው ማጥፊያውን ተጫኑ። ካሊና ጫማዋን አውልቃ፣ ስፖንጁን ልትቀድ መቀሱን ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አመራች።