ድምፅ የሌለው ዲስክ

በሩን ስትከፍትለት ከንፈሮቿ መሃል ስፒል ነክሳ ነበር። አንድ ሁለት ብቻ አይደለም፣ ሙሉ ረድፍ። በአንድ እጇ ያላለቀ ጃኬት፣ በሌላው መቀስ ይዛለች።

ሰውየው ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ትንሽ ወደኋላ አለ። «ኮምፒውተር ተበላሽቷል የተባለው እዚህ ቤት ነው?»

ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች።

«ምን ሆኖ ነው?»

በጃኬቱ ወደ ውስጥ አመለከተችው።

የሰውየው ፊት በአንዴ ራራ። ድምፁን ከፍ፣ ቃሉን ጎተት አድርጎ፣ በእጁም እያገዘ፣ «ይበራል...? ወይስ... ጨርሶ... አይነሳም?» አላት።

ከመስኮቱ ሥር አልጋቸው ላይ የተቀመጡት እናቷ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ዲዳ መስላህ ነው ልጄ? ስፒል ስለጎረሰች ነው እንጂ ይህን ሰፈር በአፏ የምታስተዳድረው እሷ ናት።»

ሰፊዋ ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፋቻቸው። ፊቷ ቀልቷል። «ይነሳል» አለች። «ችግሩ አለመነሳቱ ሳይሆን አለማረፉ ነው።»

«እስቲ እንየው» አለ ሰውየው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናትየው ስሙን ጠይቀውት አያውቁም። እስቲ እንየው ብለው አወጡለት፣ በዚያው ቀረ።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ ግን የጥልፍ ማሽኗ ያለ እሱ በድን ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ላይ የሚጠለፈው አርማ፣ የሆቴል ፎጣ ላይ የሚጻፈው ስም፣ ሁሉም የሚወጣው ከእሱ ሆድ ነው። ሰሞኑን ግን ማንም ሳይነካው ቀኑን ሙሉ ውስጡ ይንኮሻኮሻል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ አንዲት ጥልፍ ክፈት ሲሉት ያንቀላፋል።

«ሌት ተቀን እንደ አይጥ ይቆረጥማል» አሉ እናትየው። «እንቅልፍ ነሳኝ።»

ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ትንሽ ነካካና ስክሪኑን አሳያት። «አዩ፣ ዲስኩ መቶ ፐርሰንት ሥራ ላይ ነው። እርስዎ ምንም አላዘዙትም። እሱ በራሱ ጊዜ ያሉዎትን ፋይሎች አንድ በአንድ እያነበበ የቱ የት እንዳለ ይመዘግባል። አንድ ቀን የሆነ ነገር ፈልግልኝ ቢሉት ቶሎ እንዲያገኘው ነው።»

«ፈልግ ሳይባል የሚፈልግ?»

«ፈልግ ሳይባል። ማሽኑ ስላረጀ ደግሞ መቼም አይጨርስም።»

«ልክ እንደ አንቺ» አሉ እናትየው። «ተቀምጠሽም አትቀመጪም።»

ሰውየው የዲስኩን ገጽ ከፈተ። ከታች በኩል ፋይሎቹ ይመዝገቡ የምትል፣ ምልክት የተደረገባት አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክቷን አነሳ፣ እሺ የሚለውን ተጫነ፣ እጁን አጣምሮ ጠበቀ። ንኩሽኩሽታው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ጸጥ አለ። ሰፊዋ የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ስትሰማ ደነገጠች። ሰዓቱ ድምፅ እንዳለው ረስታው ኖሯል።

ሙያዋን ያገኘችው የሰው እጅ እያየች ነው። ዓይኗ አንዴ ያየውን ጣቷ ይደግመዋል። ያን ቀንም እጁን ነበር የምታየው፤ መጀመሪያ የነካውን፣ ቀጥሎ የነካውን። ከዚያ ዓይኗ ወደ እጅጌው ተሻገረ።

«ቁልፍዎ ሊወድቅ ነው።»

«ቆይቷል። ይይዛል።»

«አይይዝም። እጅዎን ይስጡኝ።»

ሰጣት። ሸሚዙን እንደለበሰ ሰፋችለት። ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ጎንበስ ስትል ትንፋሿ የእጁ አንጓ ላይ አረፈ። ሁለቱም ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

እሷ እንግዲህ ልጅ አይደለችም። የሰው ሙሽራ ስታለብስ የራሷ አርባ ዓመት አልፏታል። ይህ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም ብላ በሩን ከዘጋችው ቆይታለች። ቢሆንም ሰውየው ከሄደ በኋላ የቤቱ ጸጥታ አላስቀምጥ አላት። ሥራው ፈጠነ፣ ደንበኛው ተደሰተ፣ እናቷ ተኙ። እሷ ብቻ የሆነ ነገር ጎደላት።

አንድ ጠዋት ጥልፉን አቋርጣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ያን ገጽ ከፈተች። ያቺን ሳጥን አገኘቻት። ምልክቷን መለሰችባት።

ወዲያው መንኮሻኮሽ ጀመረ። እሷም ስልኳን አነሳች።

«ያ ነገር ተመልሶ መጣ» አለችው።

«ተመልሶ? እስቲ ልምጣና እንየው።»

እንዲህ ሆነና ነገሩ ልማድ ሆነ። እሱ ምልክቷን ያነሳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል። እሷ ትንሽ ቀን ትታገሥና ምልክቷን ትመልሳለች። እሱም ይመጣና ራሱን ያካል።

«አፕዴት ሲያደርግ ይሆናል የሚመልሰው» ይላል።

«ይሆናል» ትላለች፣ ቀና ሳትል።

እናትየው ግን ዓይናቸው እንጂ ልባቸው አልደከመም። «አንቺ» አሏት አንድ ቀን፣ «የዚህ ኮምፒውተር በሽታ የሚነሳበት ሰው ሲናፍቅ ብቻ ነው እንዴ?»

«እማዬ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ?»

«ውጫለሁ። አንቺ ነሽ ያልዋጥሽው።»

አንድ ከሰዓት ሰውየው ሲኒውን እንደያዘ፣ «ሻዩ ቀዘቀዘብሽ እኮ» አላት። ካለ በኋላ ራሱ ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ቀዘቀዘብዎ ለማለት...»

«አንቺ ብሎ የታሰረ ሰው አለ?» አለችው። «ጠጣ፣ ያንተም ቀዝቅዟል።»

ከዚያ ወዲያ አንተና አንቺ ሆኑ። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ጥላው ከሄደች ዓመታት እንዳለፉ ነገራት። «አልፈርድባትም» አለ። «ከሰው ይልቅ ከዕቃ ጋር የምኖር ሰው ነበርኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ዕቃውም ሰለቸኝ። ከሱቄ ጀርባ ነው የምኖረው። ሰው ያለ እንዲመስለኝ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሳላጠፋ እተወዋለሁ። ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ።»

ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ነገሩ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። «እኔም እኮ...»

«አንቺም ምን?»

በሩ ተንኳኳ። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ነበረች።

«ምንም» አለች ሰፊዋ፣ እና ተነሳች።

ሰው አንዳንዴ የሚያጣው ነገር እንዲህ በአንድ ቀሚስ ልኬት ነው የሚያመልጠው።

በሌላ ሳምንት ሳትጠራው መጣ። ጢሙን ተላጭቷል፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ በእጁ ትንሽ ካርቶን ይዟል። እናትየው በደስታ ትራሳቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«ዛሬ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ልገላግልሽ ነው» አለ። «አፍሬያለሁ። አንድ ቤት ይህን ያህል ተመላልሼ አላውቅም። ዲስኩ ራሱ ሊሞት ነው መሰለኝ። አዲስ አመጣሁልሽ።»

የሰፊዋ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። «አዲሱ ምንድን ነው?»

«ውስጡ የሚዞር ነገር የለውም። ድምፅ የለውም። ምልክቱ ቢመለስ እንኳ ፈጣን ስለሆነ አያዘገይሽም። አትሰሚውም።»

ፋይሎቿን ገለበጠ፣ አሮጌውን ፈትቶ አወጣ፣ አዲሱን ገጠመ፣ ከፈተው። ኮምፒውተሩ ትንፍሽ አላለም። ሰውየው አሮጌውን ዲስክ ቦርሳው ውስጥ ከተተና በሩ አጠገብ ቆመ። መሄዱንም መቆየቱንም እንዳላወቀ ሰው ሸሚዙን ይነካካል።

«ከእንግዲህ እኔን መጥራት አያስፈልግሽም» አለ ፈገግ ብሎ።

እሱ ያን ያለው፣ «ሳልጠራህም ና» እንድትለው ነበር። እሷ የሰማችው ግን ሌላ ነው። ሰልችታዋለች፣ ምልልሱ አንገፍግፎታል፣ የማያስጠራውን ዕቃ ከኪሱ ገዝቶ መጣ፤ እንዲህ ነው የሰማችው። ገንዘብ አውጥታ ዘረጋችለት።

«ምነው፣ ስጦታ ነው።»

«የሰው ስጦታ አልለመድኩም።» የቦርሳውን የጎን ኪስ ከፍታ ከተተችው። «እግዜር ይስጥልኝ። ደከሙብኝ።»

ደከሙብኝ። አንተ ማለት ከጀመረች ወዲህ እንደዚያ ብላው አታውቅም። ሰውየው አየት አደረጋት፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

«ምን አደረግሽ?» አሉ እናትየው።

«ሒሳቤን ዘጋሁ።»

ከዚያ በኋላ ያቺን ሳጥን ከፍታ ምልክት አድርጋባት ታውቃለች። ምንም አልተሰማም። አነሳችው፣ ምንም። ኮምፒውተሩ ቢፈልግም ባይፈልግም የሚያውቅ ሰው የለም።

«ደውይለት» ይሏታል እናቷ።

«ምን ተበላሽቶ?»

«ሰው የሚደውለው ሲበላሽ ብቻ ነው?»

«እሱም ስልክ አለው።»

«የሟቹ አባትሽ እልህ ነው ይሄ። ከእሱ የወረስሽው እሱን ብቻ ነው።»

ዝናቡ መጣ፣ ሄደ። ተማሪዎች ትምህርት ጀመሩ፣ ደረታቸው ላይ የእሷን ጥልፍ ለጥፈው። እሷ ግን ቀልጠፍ ብላ መሥራቷ ራሱ ያናድዳት ጀመር። በመጨረሻ አንድ ቀን ፎጣ ለሆቴል አድርሳ ስትመለስ እግሯ ሳያማክራት ወደ ሱቁ ወሰዳት።

ሱቁ ሆዳቸው በተከፈተ ዕቃዎች ተሞልቷል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ይበይዳል። ከስቷል። ጥላዋ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ቀና ሳይል፣ «እስቲ እንየው» አለ።

«ምንም አልተበላሸም» አለችው።

እጁ ቆመ።

«ምልክቷን የምመልሳት እኔ ነበርኩ» አለች። «አፕዴት አልነበረም። እኔ ነኝ። ሁልጊዜም።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሮጌውን ዲስክ አምጥቼ ፈተሽኩት። አንድ እንከን የለበትም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ብቻዬን ሳቅኩ።» መበየጃውን አስቀመጠ። «እንደ ልጅ ነው የሳቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

«ደከሙብኝ ብለሽ አሰናበትሽኝ። ገንዘብ ከተትሽልኝ። ተቀይማለች፣ ቅያሜዋ ሲበርድ ትደውላለች ብዬ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ጠበቅኩ።»

«እኔም ያንተን ነበር የምጠብቀው።»

ከመጋረጃው ጀርባ የደከመ የሴት ድምፅ፣ «ማነው?» አለ።

ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። «ደንበኛ ናት» አለ።

ሰፊዋ አጠገብ ወንበር ነበር። ግን ቆመች። ብትቀመጥ የምትነሳ አልመሰላትም።

«ጥላኝ የሄደችው ሚስቴ ናት። ልጄ ናት ያመጣቻት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባለፈው ወር። ግማሽ አካሏ አይታዘዝላትም። ሐኪሞቹ ዕድሜዋ ረጅም ነው፣ ግን እንዲህ ሆና ነው የምትኖረው አሉ። ልጄ፣ አባዬ ማንም የለንም ስትለኝ ምን ልበላት? ለአንቺ አባት፣ ለእናትሽ ባል ነኝ፣ እኔ እያለሁ አትወድቁም ብዬ ቃል ገባሁ።»

«ቀድሜ ብደውል ኖሮስ?»

ወደ መጋረጃው አየ። «ያን ጊዜም እረዳት ነበር። ግን ቤት አለኝ፣ ሰው አለኝ እላት ነበር።»

ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ብሎኖች ታያለች። «ጥሩ አደረግክ» አለች። «በሩን ብትዘጋባት እኔም አልፈልግህም ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው...» አልጨረሰውም።

ልትወጣ ዞራ ተመለሰች። «አሮጌው ዲስክ አለ?»

መሳቢያውን ሳበ። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«መልስልኝ።»

«ይጮሃል እኮ። ያዘገይሻል።»

«አውቃለሁ።»

በማግስቱ መጣ። እናትየው ነገሩን ሰምተዋልና ቀልድ አላወሩም፤ «ግባ ልጄ» ብቻ አሉት። ሰውየው ሰፊዋ በሰማችው ጊዜ ሁሉ ደስ ይላት የነበረውን «እስቲ እንየው» ያን ቀን አላለም። ወንበሩን ሳበ፣ አዲሶቹን ጥልፎቿን ወደ አሮጌው ገለበጠ፣ አዲሱን ዲስክ ፈትቶ አሮጌውን ገጠመ።

«አዲሱንስ ምን ላድርገው?»

«ለልጅህ ግጠምላት።»

ከፈተው። ያን ገጽ አወጣ። ሳጥኗ ባዶ ነበረች። እጁ ማውሱ ላይ ቀረ።

«ላድርጋት?» አላት።

«አድርጋት።»

በገዛ እጁ ምልክቷን አደረጋት። ቤቱ መንኮሻኮሽ ጀመረ። ሁለቱም ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብለው ሰሙት።

«ቁልፉ እስካሁን አልተነቀለም» አለ፣ እጅጌውን እያሳያት።

«አይነቀልም። በድርብ ክር ነው የሰፋሁት።»

ቦርሳውን ሲያነሳ ሰፊዋ ከስፒል ማስቀመጫው ላይ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ከንፈሮቿ መሃል ደረደረች። በእጇ የሚሰፋ ጨርቅ አልነበረም። ሰውየው አየ፣ ገባውም። በር ላይ ቆሞ የሆነ ነገር እስክትል አልጠበቀም።

«ደህና ሁኚ» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። በሩ ተዘጋ። እግሩ ደረጃውን ሲወርድ ሰማችው፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ብቻ ቀረ፤ ማንም ፈልግልኝ ያላለውን እየፈለገ።

እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ድምፅ ሲሰሙ ያላጉረመረሙበት ቀን አልነበረም።

«ተይው» አሉ። «ይቆርጥም። እኔ እንደሆነ እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ።»

ሰፊዋ ስፒሎቹን ሳታወጣ ራሷን ነቀነቀች።