ማርጎን የካድኩበት ዓርብ

ማርጎ ሎውንታልን ያገኘኋት ኦሃዮ ውስጥ፣ በኮሌጃችን የአይሁድ ተማሪዎች ቤት ወጥ ቤት ነው። እኔ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፤ ዓርብ ማታ ለሚበላው የሰንበት ማዕድ ድንች ልላጥ ብዬ ገባሁ።

«ኤልካ፣ ድንች እየላጥሽ ነው ወይስ ሐውልት እየቀረጽሽ?» አለችኝ፣ ስሜን ገና ከመንገሬ።

«እናቴ ወጥ ቤት አታስገባኝም።»

«አስተዋይ ሴት ናቸው!»

ዓርብ ዓርብ ማርጎ የምታሰናዳው አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነበር፤ ሴት ለምትወድ ሴት፣ ወንድ ለሚወድ ወንድ፣ ራሱን ገና ለሚፈልግ አይሁዳዊ ተማሪ ሁሉ። አንዳንዱ ከምኩራብ ተገፍቶ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ለወላጆቹ ትንፍሽ ያላለ። እዚያ ግን እምነትህን ወይ ልብህን ምረጥ የሚል የለም።

ጸደይ ሲገባ ዓይኖቻችን ተገናኝተው መለያየት እምቢ አሉ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ፍቅረኛሞች ሆንን።

በመስከረም እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ስለ ማርጎም፣ ጠረጴዛው የእነማን እንደሆነም አልነገርኳትም ነበር። ዓርብ ማዕድ ላይ እንደተቀመጥን ማርጎ ፊቷ በርቶ መጣችና እጇን ዘረጋች።

«እንኳን ደህና መጡ! ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ማናት?»

«ወጥ ቤት የምታግዝ ልጅ ናት» አልኩ። «በደንብ አላውቃትም።»

የማርጎ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። «ሾርባው እንዳይቀዘቅዝብዎ» ብላ ሄደች። ከጠረጴዛው ጫፍ ዘልዳ የምትባል አዲስ ተማሪ፣ ያን ቀን ገና መጀመሪያዋ ነው፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ ካፖርቷን አንስታ ወጣች። ዳግመኛም አልመጣችም።

ሦስት ጊዜ የማርጎ በር ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ኃጢአት የሚሰረይበት ዓመታዊ ጾማችን፣ የስርየት ቀን፣ ደረሰ። በእኛ ዘንድ ሰውን የበደለ፣ ራሱን ሰውየውን ይቅርታ መጠየቅ አለበት፤ ጾሙ ብቻ አያወጣውም። በዋዜማው ከሰዓት መጀመሪያ ዘልዳ ዘንድ ሄድኩ።

«ዋሽቼ ነው። ማርጎ ፍቅረኛዬ ናት።»

«ገብቶኝ ነበር እኮ» አለች በሩን ገርበብ አድርጋ። «ይሄ ሁሉ ሰው ከጎንሽ እያለ አንቺ እንዲህ ከፈራሽ፣ እኔ ምን ተስፋ አለኝ ብዬ ነው የቀረሁት።»

እስከ ጆሮዬ ጋልኩ።

«እሷንስ ይቅርታ ጠየቅሻት?»

«የማሳያት ፊት የለኝም።»

«በይ፣ ጾሙ ሊገባ ነው» አለችና ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች። «እስከ በሯ ልሸኝሽ።»

ማርጎ ከፈተች።

«እናትሽን መፍራትሽ አይደለም የከፋኝ» አለች። «እኔም ለእናቴ ለመንገር አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ዝም ማለት ትችይ ነበር። አንቺ ግን አላውቃትም አልሽ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ግን ዛሬ አትግቢ።»

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያቺ ወጥ ቤት የምታግዝ ያልኩሽ ልጅ...»

«ፍቅረኛሽ ናት» ብላ አቋረጠችኝ። «ስትመጣ እንዴት እንዳየችሽ አይቻለሁ። ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ። ልጄ ይህን ያህል የምትፈራኝ ምን አድርጌያት ነው ብዬ ሳስብ፣ የልጅቷን እጅ እንኳ ሳልጨብጥ ቀረሁ። አፍሬ ነው የተመለስኩት፣ ኤልካ።»

በማንም ፊት እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ውሸቴ ለካ ማንንም አላዳነም።

ማርጎ ወደ ቤቷ ያስገባችኝ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። አሁን አብረን መኖር ከጀመርን ስምንት ዓመታችን ነው። እናቴ ስልክ ስትደውል ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ነው የምትቆየው። ማርጎ ያን ነገር አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ለእንግዳ ሰው ሳስተዋውቃት ግን «ባለቤቴ ናት» ከማለቴ በፊት ፊቴ ይቀላል። ሰዉ በእሷ የማፍር ይመስለዋል። በማን እንደማፍር የምታውቀው ማርጎ ብቻ ናት።